እርሳሱን አስቀምጪና ቆርኪ ሰብስቢ

«ሰላም ቲቸር፣ እንዴት ነዎት? የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ናት። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፣ ገና ኬጂ ነው። ባለፈው ሳምንት ለትልቋ የሒሳብ የቤት ሥራ ተሰጣት። ‹ተማሪዎች የሚወዱት ፍራፍሬ፦ ሙዝ 8፣ ብርቱካን 5፣ ማንጎ 9፣ ፓፓያ 3። በባር ግራፍ አሳዩ› ይላል። ልጄ ምኑም አልገባትም። አንዱን ባር አወፈረችው፣ ሌላውን ከመስመሩ በታች አስጀመረችው። ስትጽፍ ስታጠፋ ወረቀቱ ተቀደደ። አለቀሰች። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ማስመሪያ ይዤ እኔው ሠራሁላት። አሥር ከአሥር አገኘች። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ደብተሯን አሳየችኝና ‹ማሚ፣ ማንጎ የሚወዱት ግን እነማን ናቸው?› አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። አስጠኚ ልቅጠርላት? ወይስ ለግራፍ ገና ልጅ ናት? እኔ ራሴ ሒሳብ ላይ ጎበዝ አልነበርኩም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን እያነበብኩ የልጅሽ ጥያቄ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብዙ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬያለሁ። ስለ ግራፍ ከልጅ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

እስቲ አስቢው። ማንጎ የሚወዱ ዘጠኝ ልጆች አሉ ተብላለች። ማን እንደሆኑ አታውቅም። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ቁጥሩ ከሰሌዳ ወደ ደብተር መጣ፣ ከደብተር ወደ አንቺ ማስመሪያ። እሷ ልጆቹን ፈለገቻቸው። የሚያስፈልገው እውቀት ግማሹ እኮ አላት ማለት ነው። ቁጥር ከሆነ ቦታ እንደሚመጣ ገብቷታል።

ስለዚህ ጥያቄዎችሽን ቶሎ ልመልስልሽ። አስጠኚ አያስፈልግም። ለግራፍም ገና ልጅ አይደለችም። ትንሹም ቢሆን አይደለም። ለማስመሪያውና ለንጹሕ መስመሩ ግን ገና ናት፣ ያ ደግሞ ይደርሳል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስለሠራሽላት ራስሽን አትውቀሺ። ደክሟት የምታለቅስ ልጅ እያየች የምትጨክን እናት የለችም። ከአሁን በኋላ ግን እርሳሱን እንዳትነኪው እለምንሻለሁ። አንቺ ሌላ ሥራ አለሽ። ቆርኪ ትሰበስቢያለሽ።

ግራፍ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ልጁ ማወቅ የሚፈልገው ነገር ይኖራል። ከዚያ ይጠይቃል፣ ወይም ይቆጥራል። ያገኘውን ይለያል፣ ይደረድራል። ሥዕሉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ሌላውን ዘሎ ከሥዕሉ ይጀምራል። መምህሯን አልወቅስም። ስልሳ ልጅ ይዞ፣ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ሰንጠረዡን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማለፍ እንዴት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። አንቺ ግን ቤት ውስጥ ያሉሽ ሁለት ልጆች ናቸው። ደወልም አይደወልብሽም።

አንድ ታሪክ ላጫውትሽ። የሰው ልጅ መቁጠር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ባር ግራፍ ግን እንደምናስበው የቆየ አይደለም። ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1786 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያሳተመው ነው እንደ መጀመሪያው የሚቆጠረው። ሰውዬው የእንግሊዝን ንግድ በየዓመቱ እየተከታተለ በመስመር ይስለው ነበር። ስኮትላንድ ላይ ሲደርስ ግን የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ነበረው። በአንድ ዓመት መረጃ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር መሳል አይቻልም። ስለዚህ ስኮትላንድ የምትነግድባቸውን 17 ቦታዎች ደረደረና ከእያንዳንዱ የገባውንና የወጣውን በአጭርና በረጅም ባር አሳየ። ባሩ የመጣው እጁ ላይ ከነበረው መረጃ ነው። ለልጆችም የምመኘው ይህንኑ ነው። መረጃው እጃቸው ላይ ይሁን፣ ባሩ ከዚያ ይምጣ።

እጃቸው ላይ ስል የምሬን ነው። ነገ ሱቅ ስትሄጂ ባለሱቁን ቆርኪ ለምኚው። ሁለት ሦስት ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው፤ የኮካ፣ የአምቦ ውሃ፣ ያገኘሽውን። አጥበሽ አድርቂው። የእኛ ዘመን ልጆች አንደኛ ክፍል የገባነው ቆርኪና የተቆረጠ እንጨት በከረጢት ይዘን ነው። አሁን በየቤቱ ታብሌት አለና ቆርኪ የድሮ ነገር ይመስላል። ለዚህ ሥራ ግን ቆርኪን የሚተካ አላየሁም። ይያዛል፣ ይደረደራል፣ ሲወድቅ ድምፅ አለው፣ ቢጠፋ አያሳዝንም።

መጀመሪያ ትንሹን ልጅሽን ጥሪው። ስድስት የኮካ ቆርኪ በአንድ መስመር ደርድሪ። ከሥሩ ስድስት የአምቦ ቆርኪ፣ አንዱን ከአንዱ ትይዩ አድርገሽ። «የቱ ይበዛል?» በይው። «እኩል ነው» ይልሻል። አሁን ዓይኑ እያየ የአምቦውን ረድፍ ዘርዘር አድርጊው፣ እንዲረዝም። ደግመሽ ጠይቂው። ብዙ የአምስት ዓመት ልጅ «የአምቦው» ይላል። ምንም አልተጨመረም። ረዘመ ብቻ። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ይህን ዓይነት ሙከራ በልጆች ላይ ደጋግሞ አድርጎ ነው ስሙን የተከለው። ልጁ ደደብ ስለሆነ አይደለም። በዚያ ዕድሜ ርዝመት ብዛትን ይሸፍነዋል። ስድስት ሰባት ዓመት አካባቢ ቀስ እያለ ይለቀዋል። አትከራከሪው፣ «ተሳስተሃል» አትበዪው። «እስቲ እያንዳንዱን የኮካ ቆርኪ ከአንድ የአምቦ ቆርኪ ጋር አጣምረው» በይና ዝም ብለሽ እዪው።

አሁን ወደ ልጅሽ የተቀደደ ወረቀት ልመለስ። አንዱን ባር አወፈረችው፣ አንዱን ከመስመር በታች አስጀመረችው አልሽ። አየሽ፣ ባር ግራፍ የሚሠራው ርዝመትንና ብዛትን አንድ በማድረግ ነው። ያ ልክ የሚሆነው ሁሉም ከአንድ መስመር ሲነሳ፣ ሁሉም ውፍረቱ እኩል ሲሆን ነው። ለአዋቂ ይህ ግልጽ ነው። ለልጅ ግን ማንም ያልነገራት ሕግ ነው። ብትነግሪያትም በቃል አይገባትም። በእጇ መንካት አለባት።

ለዚህ የምወደው ዕቃ የእንቁላል ትሪ ነው። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው፣ በአንድ በኩል አምስት፣ በሌላው በኩል ስድስት ጉድጓድ ያለው ካርቶን። ባዶውን ባለሱቁ ይሰጥሻል። አምስቱ ጉድጓድ ወደ ጎን፣ ስድስቱ ወደ ላይ እንዲሆን አስቀምጪው። አምስት ዓምድ ያለው ግራፍ ተዘጋጅቶልሻል። አንድ ጉድጓድ አንድ ቆርኪ ነው የሚይዘው። መዘርዘር የለ፣ መጠጋጋት የለ። ሁሉም ከታች ይጀምራል። ያቺ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያስለቀሰቻት ሕግ ካርቶኑ ውስጥ አለች፣ አንቺ መናገር አያስፈልግሽም።

ምን ይቆጠር? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ምሳችሁን ቁጠሩ። ጥያቄው «በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ የበላነው ወጥ የቱ ነው?» ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱም ልጆች ይገምቱ። ግምታቸውን ጽፈሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊ። ይህን እንዳትዘይው። የገመተ ልጅ ውጤቱን በጉጉት ይጠብቃል። ያልገመተ ልጅ አንቺን ለማስደሰት ብቻ ነው ቆርኪ የሚያስቀምጠው። ከዚያ ከአምስቱ ዓምዶች ሥር ትንንሽ ወረቀት ይለጠፍ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አልጫ፣ ሥጋ፣ ሌላ። ትልቋ ትጻፍ፣ ትንሹ ይሳል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ቆርኪ፣ ተራ በተራ። አበቃ። በቀን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ችግር ይመጣል። ሽሮና ጎመን አብረው ይቀርባሉ። «ማሚ፣ የት ላስቀምጥ?» ትልሻለች። ይህቺን ሰዓት እየጠበቅሽ ቆዪ። መልሱን አትስጫት። «አንቺ ምን ይሻላል ትያለሽ?» በያት። ለሁለቱም ቆርኪ እናስቀምጥ ልትል ትችላለች። ያኔ በሁለት ሳምንት ቆርኪው ከአሥራ አራት ይበልጣል፣ ለምን እንደበለጠም ማስረዳት አለባት። ዋናውን ወጥ ብቻ እንቁጠር ልትልም ትችላለች። ያኔ ዋና ማለት ምን እንደሆነ መስማማት አለባችሁ። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ማድረግ ነው። የተወሰነውን ጻፉና ከትሪው ጎን ለጥፉ።

ከዚያ ምናልባት አንድ ቀን የሽሮው ዓምድ ይሞላል። ስድስት ጉድጓድ አልቆ ሰባተኛ የሽሮ ቀን ይመጣል። እንደገና ዝም በዪ። ተማሪዎቼ ሁለተኛ ትሪ አምጥተው ከላይ የቀጠሉበት ጊዜ አለ። አንዷ ልጅ ደግሞ የሽሮውን ቆርኪ «ሌላ» ውስጥ ልትከት ስትል ጓደኛዋ «ታዲያ ውሸት ይሆናላ!» ብላ ጮኸችባት። ስድስት ዓመቷ ነበር። መረጃን ስለማክበር እኔ በአንድ ሰዓት ንግግር የማልነግራትን ነው የነገረቻት።

እግረ መንገዴን አንቺንም ላስጠንቅቅሽ። ሽሮ ዘጠኝ ቀን ሆኖ ሲወጣ እንግዳ ሳያይ ትሪውን ማንሳት ያምርሽ ይሆናል። አታንሺው። ልጆቹ የቆጠሩት እውነት ነው። ደግሞ ሽሮ ምን ነውር አለው?

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ትሪውን መሐል አስቀምጣችሁ አንብቡት። ጥያቄዎችሽ ከቀላሉ ይጀምሩ። «ምስር ስንት ቀን በላን?» ይህን ትንሹ ይቆጥራል። «ሽሮ ከምስር በስንት ይበልጣል?» ይህ ለትልቋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። «በስንት ይበልጣል» ስትያቸው «ዘጠኝ» ይሉሻል፣ የሽሮውን ጠቅላላ። ከሁለቱ ዓምድ እኩል እኩል ቆርኪ እያነሣች ታውጣ። ሽሮው ላይ ብቻ የቀረው መልሱ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ትሪው ላይ የሌለ ነገር ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ምን የምንበላ ይመስልሻል?» የምትጾሙ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ የሥጋ ቆርኪ እንደማይገባ ራሷ ትደርስበታለች። «ዐቢይ ጾም ቢሆንስ ኖሮ?» በያት። ሃምሳ አምስት ቀን የሥጋው ዓምድ ባዶ ይሆናል። ባዶ ዓምድም ይነበባል። ብዙ ልጆች ባዶ ከሆነ ይጥፋ፣ ወረቀቱም ይነሣ ይላሉ። አይነሣ። ዜሮ ማለት ጠይቀን፣ ቆጥረን፣ ምንም አላገኘንም ማለት ነው። ያልጠየቅነው ነገር ግን ዜሮ አይባልም።

አሁን ስለ ጥያቄ አመራረጥ አንድ ነገር ልንገርሽ። ረጋ ብለሽ አንብቢው። አንድ ዓመት ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር «ስንት እህትና ወንድም አላችሁ?» የሚል ቆጠራ አሠራኋቸው። እያንዳንዱ ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣል፣ ለእያንዳንዱ እህትና ወንድም አንድ ቆርኪ ያስቀምጣል። አንድ ልጅ ሁለት አስቀመጠና ሦስተኛውን በእጁ ጨብጦ ቆመ። «ቲቸር፣ የሞተችው ትቆጠራለች?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተዘጋጅቼ የመጣሁት መልስ አልነበረኝም። «አንተ ምን ትላለህ?» አልኩት። «ትቆጠር» አለ። ቆርኪዋን ከሁለቱ አጠገብ አስቀመጠላትና ሄዶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ልጆችን አንድ ነገር ከማስቆጠሬ በፊት ጥያቄውን በእያንዳንዱ ልጅ ጆሮ ሆኜ እሰማዋለሁ። «ቁርስ ምን በላችሁ?» ክፍል ውስጥ አይጠየቅም። ያልበላ ልጅ አለ። «አባታችሁ ምን ይሠራል?» «ቤታችሁ መኪና አለ?» እነዚህም አይጠየቁም። የማያሳፍርና ልጆች የሚወዱት ጥያቄ ሞልቷል። አንደኛ ክፍል ከሆኑ ስንት ጥርስ እንደወለቀላቸው ጠይቂያቸው፣ በደስታ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩሻል። የስማቸውን ፊደል ይቁጠሩ። ሳራ ሁለት፣ አበበ ሦስት፣ ብርሃኑ አራት፣ ትዕግሥት አምስት። ይህንን በጣም እወደዋለሁ። ፊደልም ይለማመዱበታል፣ ሁሉም ልጅ መልስ አለው፣ ማንም አይበልጥም ማንም አያንስም። የቤተሰባችሁን፣ የጎረቤቶቻችሁን፣ የዘመድ አዝማዱን ስም ብትቆጥሩ እንኳ ሦስት ትሪ ይሞላል።

የዚያ ልጅ ጥያቄ ግን ትልቅ የቆጠራ ጥያቄም ነው። ማን ይቆጠራል? ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሕዝቧን ቤት ለቤት ቆጥራለች። የመጨረሻው ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነው ያገኘው። ቆጣሪው በር ከማንኳኳቱ በፊት ግን የዚህ ቤት ሰው ማለት ማን እንደሆነ መወሰን ነበረበት። ለትምህርት ሌላ ከተማ ያለው ልጅስ? ለሁለት ሳምንት የመጣችው አክስትስ? ልጅሽ ሽሮና ጎመኑ ላይ የወሰነችው ውሳኔ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ወጥ ሲሰለቻቸው ወደ መስኮት ውሰጃቸው። መንገድ የሚያሳይ መስኮት ወይም በረንዳ ካላችሁ፣ ለአሥር ደቂቃ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ይቁጠሩ። ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ የቤት መኪና፣ ሌላ። መንገድ ዳር ግን አታውጫቸው። ጭረት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም መኪና ቆሞ አይጠብቅም። አንድ ባጃጅ ሲያልፍ አንድ ጭረት። አምስተኛው ሲመጣ አራቱን በአግድም ይሰርዛቸዋል፣ እንደታሰረ የማገዶ እስር። በኋላ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት እያለች ትቆጥራለች። ትንሹ «ባጃጅ!» እያለ ይጥራ፣ ትልቋ ጭረት ታድርግ። ሁለቱንም ሥራ ለአንድ ልጅ ስትሰጪ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ሲሆን መኪናው ያመልጣታል። ላዳ መጣ እንበል። ታክሲ ነው የቤት መኪና? ይጨቃጨቁ። ጭቅጭቁን ቶሎ አትገላግዪ።

ወረቀት ላይ መሳል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ግዢላት። ነጭ ወረቀት አይሁን። አንድ ካሬ አንድ መኪና። ካሬው የትሪውን ጉድጓድ ይተካል። ታች ላይ አንድ ወፍራም መስመር ታስምር፣ ሁሉም ከእሱ ይነሣል። ልጆች ከለር ከመቀባት በፊት ሥዕል መሳል ይወዳሉ። ሚኒባስ ትስላለች፣ ባጃጅ ትስላለች። ጥሩ ነው፣ የሥዕል ግራፍ ይባላል። ግን ሚኒባስ ትልቅ ስለሆነ ትልቅ አድርጋ፣ ባጃጅን ትንሽ አድርጋ ትስላለች። ሦስት ሚኒባስ ከአምስት ባጃጅ በልጦ ቁጭ ይላል። «የቱ ይበዛል?» በያት። ወረቀቷን አይታ «ሚኒባስ» ካለችሽ ጭረቷን አምጪና ከጎኑ አስቀምጪላት። ሁለቱ እንደማይስማሙ ስታይ ራሷ ታስተካክለዋለች። እያንዳንዱ ሥዕል በአንድ ካሬ ውስጥ ይግባ የሚለውን ሕግ ራሷ ካወጣችው አትረሳውም።

አንድ ካሬ ሁለት ወይም አምስት ነገር እንዲወክል ማድረግን ለጊዜው ተዪው። ያ ማባዛት ከለመደች በኋላ ይመጣል። ክብ ሆኖ እንደ ዳቦ የሚቆራረጠውም ግራፍ እንደዚያው፣ ክፍልፋይ ይፈልጋል። ኮምፒዩተር ላይ ቁጥር አስገብቶ ግራፍ ማውጣትም አሁን አይጠቅማትም። ማሽኑ የሚሠራላት እኮ አንቺ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሠራሽላትን ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ አንድ ረጅም ቆጠራ ጀምሩ። ዝናብ የዘነበበት ቀን አንድ ካሬ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን። አዲስ አበባ ስለሆናችሁ ሐምሌና ነሐሴ ሽቅብ ይወጣሉ። ጳጉሜን ግን ድንክ ሆና ትቀራለች። ልጅሽን «ጳጉሜን ላይ ዝናቡ ቀነሰ ማለት ነው?» በያት። ቶሎ «አዎ» ትልሻለች። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን አምጪላት። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። አምስቱንም ቀን ቢዘንብ ዓምዷ ከአምስት ካሬ አትዘልም። ይህ ነገር ወዲያው ላይገባት ይችላል። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች አንዳንዶቹ የገባቸው በዓመቱ ነው። ግን ካሬዎቹን አንድ በአንድ የቀባችው ራሷ ስለሆነች የሆነ ቀን ትመለስበታለች። የአውሮፓ ካሌንደር የሚጠቀም ልጅ ይህን የመሰለ አጭር ወር የለውምና እኛ ዕድለኞች ነን።

ስለ ትንሹ ልጅሽ ብዙ አትጨነቂ። አምስት ዓመት ላይ መለየት ይበቃዋል። ልብስ ስታጥቢ ካልሲውን ይለይ፤ የአባቱን፣ የእሱን፣ የእህቱን። በመስመር ይደርድራቸው። የአባቱ ካልሲ ስለሚረዝም አራቱ የአባቱ ካልሲዎች ከስድስቱ የእሱ ይረዝማሉ። ከቆርኪው ጋር ያው ነገር ነው። አሁን ግን «እኔ እበልጣለሁ!» ብሎ ሊከራከር ምክንያት አለው።

አንቺ ሒሳብ ላይ ጎበዝ አልነበርኩም ያልሽውን እሷ ፊት አትበዪው። ሴት ልጆች ይህን ከእናታቸው አፍ ሲሰሙ እንደ ፈቃድ ይወስዱታል። እዚህ ውስጥ ደግሞ አንቺ የማትችዪው አንድም ነገር የለም።

የቀረው የማንጎው ጉዳይ ነው። ያ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረት የለበትም። ልጅሽ ሄዳ ትጠይቃቸው። የክፍሏን ልጆች ስም ዝርዝር ጽፈሽ ስጫት። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት አምስት ሳጥን ይኑር፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሌላ። የጠየቀችው ልጅ ስም ፊት ራይት ታደርጋለች፣ ስለዚህ አንዱን ልጅ ሁለቴ አትጠይቅም። ምርጫውን አስቀድሞ መስጠት ይጠቅማል። ዝም ብላ «ምን ትወዳለህ?» ብትል አሥራ አምስት ዓይነት መልስ ይዛ ትመጣለች፣ አንዱም «ፒዛ» ይላታል። ሁለት ልምረጥ የሚል ልጅም አይጠፋም። ምን እንደምትለው ማታ ተነጋገሩበት። ቆጥራ ስትመጣ 8፣ 5፣ 9፣ 3 እንደማይሆን እገምታለሁ። የመጣው ይምጣ። ማንጎ የሚወዱት ሁለት ልጆች ቢሆኑ እንኳ የሁለቱንም ስም ታውቃለች።

የመምህሯን ፈቃድ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ሰላም ሚስ። ባለፈው የፍራፍሬ ግራፍ የሠራሁት እኔ ነበርኩ፣ ይቅርታ። ልጄ ማንጎ የሚወዱት እነማን እንደሆኑ ማወቅ ትፈልጋለች። በእረፍት ሰዓት የክፍል ጓደኞቿን እንድትጠይቅ ይፈቅዱላታል? የስም ዝርዝርና እርሳስ ይዛ ትመጣለች። ያገኘችውን በሌላ ቀን ለክፍሉ ብታሳይ ደስ ይለኛል። ይህኛውን የምትሠራው ራሷ ስለሆነች መስመሩ ትንሽ ሊጣመም ይችላል።»